ዲጂታል ቪዲዮ ወደ አናሎግ ከመለወጡ በፊት ደረጃው የት፣ በስንት፣ ስንት ጊዜ ይስተካከል?

የቀረበልኝ ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው በኮምፒውተር ያቀናበሯቸውን ቪዲዮዎች በኤችዲኤምአይ አውጥተው፣ ወደ ኮምፖዚት በሚለውጥ ትንሽ መሣሪያ አሳልፈው፣ ከዚያም በሞጁሌተር (ምስሉንና ድምፁን ቴሌቪዥን በሚቀበለው ተሸካሚ ሞገድ ላይ በሚጭን መሣሪያ) በኩል ፓል በተባለው የአናሎግ ቴሌቪዥን ሥርዓት ለሚሠሩ ነባር ቴሌቪዥኖች ያሰራጫሉ። በኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ እንከን የማይታይበት ምስል ቴሌቪዥኖቹ ጋ ሲደርስ ጥላ ያረፈበት ክፍል ሁሉ አንድ ወጥ ጥቁር ይሆናል፤ ነጭ ልብስ የለበሰ ሰው የልብሱ እጥፋት አይታይም፤ ከሁሉም የከፋው ደግሞ ቢጫ ጽሑፍ በወጣ ቁጥር ከድምፅ ማጉያው የሚነዝር ድምፅ ይሰማል። «ብራይትነሱንና ኮንትራስቱን በማቀናበሪያው ላይ ልቀንስ ወይስ ከመለወጫው በኋላ? የምቀንስ ከሆነስ እስከ ስንት?» ሲሉ ጠይቀዋል።

ሦስቱ ምልክቶች ከአንድ ምንጭ የመጡ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ጥፋቶች ናቸው፤ መፍትሔያቸውም የተለያየ ነው። ጥላው የሚሰምጠውና የነጩ ዝርዝር የሚጠፋው ኮምፒውተሩና መለወጫው በቁጥሮቹ ትርጉም ስላልተግባቡ ነው። የቢጫው ጽሑፍ ችግር ግን ይህ አለመግባባት ከተወገደ በኋላም አይጠፋም፤ ምክንያቱም የሚመነጨው ኮምፖዚት ሲግናል ብርሃንንና ቀለምን በአንድ ሽቦ ደራርቦ ከመላኩ ነው። ብራይትነስና ኮንትራስት መቀነስ ሁለቱንም ጥፋቶች በከፊል ይሸፍናቸዋል እንጂ አንዱንም አያስወግድም። ስለዚህ መልሴ ማስተካከያው ከመለወጫው በፊት፣ በዲጂታሉ በኩል፣ በአንድ ቦታና አንድ ጊዜ ብቻ ይደረግ የሚል ነው። እስከ ስንት የሚለውን ደግሞ ዓይን ሳይሆን መለወጫው የሚጠብቀው ቁጥር ይወስነዋል።

በዲጂታል ቪዲዮ ውስጥ ያለው ቁጥር በራሱ ቮልት አይደለም፤ ቮልት የሚሆነው ተቀባዩ መሣሪያ በሚሰጠው ትርጉም ነው። በ1982 የወጣውና ዛሬ አይቲዩ-አር ቢቲ.601 ተብሎ የሚታወቀው ደንብ በባለ 8 ቢት ሲግናል የብርሃኑን ምልክት፣ ማለትም ሉማን፣ ጥቁሩን 16 ላይ፣ ነጩን 235 ላይ አድርጎ አስቀምጦታል። ሁለቱ የቀለም ልዩነት ምልክቶች 128ን መሃል አድርገው ከ16 እስከ 240 ይንቀሳቀሳሉ። 0 እና 255 የተባሉት ቁጥሮች ለሲንክ (የምስሉ መስመሮች የት እንደሚጀምሩ ለሚያመለክተው ምልክት) ማመሳከሪያ የተጠበቁ ስለሆኑ ምስል አይሸከሙም። በባለ 10 ቢት ደግሞ ጥቁሩ 64፣ ነጩ 940 ነው። ይህ አደረጃጀት «የተገደበ ክልል» ወይም በመሣሪያዎች ሜኑ ላይ እንደሚነበበው «ሊሚትድ» ይባላል። የኮምፒውተር ግራፊክስ በበኩሉ ጥቁርን 0፣ ነጭን 255 ብሎ ይጽፋል፤ ይህኛው «ሙሉ ክልል» ወይም «ፉል» ነው። ሁለቱም በራሳቸው ትክክለኛ ናቸው። ጥፋት የሚፈጠረው አንዱ በጻፈው ቋንቋ ሌላው ሳያነብ ሲቀር ነው።

ወደ ጠያቂው መስመር እንመለስ። በፓል ኮምፖዚት ውስጥ የጥቁር ደረጃ 0 ሚሊቮልት፣ የነጭ ጫፍ 700 ሚሊቮልት ሲሆን ሲንኩ ከዜሮ በታች እስከ 300 ሚሊቮልት ይወርዳል፤ ድምሩ 1 ቮልት ነው። የተገደበ ክልል የሚጠብቅ መለወጫ 16ን ወደ 0 ሚሊቮልት፣ 235ን ወደ 700 ሚሊቮልት ያደርሳል፤ እያንዳንዷ የቁጥር እርከን 3.2 ሚሊቮልት ያህል ትመዝናለች ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ሙሉ ክልል ሲልክለት ከ0 እስከ 15 ያሉት ጥቁር ቀመስ ዝርዝሮች በሙሉ ከጥቁር በታች ይወድቃሉ፤ ከ236 እስከ 255 ያሉት ደግሞ ከነጭ በላይ ይሄዳሉ። ትርፉን ቆርጦ የሚጥል መለወጫ ከሆነ ጥላው ወደ አንድ ጥቁር፣ የልብሱ እጥፋት ወደ አንድ ነጭ ይዋሃዳሉ። ሳይቆርጥ የሚያሳልፍ ከሆነ ደግሞ 0 ወደ 51 ሚሊቮልት ከዜሮ በታች ወርዶ የሲንኩን ግዛት ይጋፋል፤ 255 ወደ 764 ሚሊቮልት፣ ማለትም ወደ 109 በመቶ፣ ይወጣል። ጠያቂው የገለጹት ምስል ከዚህ ጋር በትክክል ይገጥማል።

ተቃራኒው ስሕተትም አለ፤ የሚያሳየው ምልክትም የተለየ ነው። በተገደበ ክልል የተጻፈ ምስል እንደ ሙሉ ክልል ተቆጥሮ እንደገና ሲጨመቅ ጥቁሩ ከ16 ወደ 30፣ ነጩ ከ235 ወደ 218 ይሸጋገራል። ውጤቱ ጥቁሩ 6 በመቶ ገደማ ከፍ ያለ፣ ነጩ 92 በመቶ ላይ የቀረ፣ ጭጋግ የለበሰ የሚመስል ምስል ነው። ይህኛው ዝርዝር ስለማያጠፋ ብዙ ሰው ሳያስተውለው ለዓመታት አብሮት ይኖራል።

የትኛው ስሕተት እንደደረሰ በግምት መወሰን አያስፈልግም። በማንኛውም የሥዕል ፕሮግራም አንድ የመፈተሻ ምስል ይሥሩ። ጀርባውን ፍጹም ጥቁር፣ ማለትም 0፣ ያድርጉትና በላዩ 4፣ 8፣ 12፣ 16፣ 20 እና 24 የሆኑ ስድስት ትንንሽ ግራጫ አራት ማዕዘኖች በተርታ ያስቀምጡ፤ የምስሉን ሌላ ግማሽ 255 አድርገው በላዩ 250፣ 245፣ 240፣ 235 እና 230 የሆኑትን ይደርድሩ። ክፍሉን አጨልመው በቴሌቪዥኑ ላይ ይመልከቱት። የጠያቂው ችግር እኔ እንዳልሁት ከሆነ ከጥቁሩ ተርታ ውስጥ 20 እና 24 ብቻ ብቅ ይሉና ሌሎቹ ከጀርባው ጋር አንድ ይሆናሉ፤ በነጩ በኩልም ከ230 በቀር የቀረው አይለይም። የቴሌቪዥኑን ብራይትነስ ሲጨምሩ ጀርባው ወደ ግራጫ እያደላ ሳለ አራቱ ማዕዘኖች አሁንም ተደብቀው ከቀሩ መለወጫው ቆርጦ ጥሏቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለ ምንም መሣሪያ ሊመልሳቸው አይችልም። «ከመለወጫው በኋላ ላስተካክል?» ለሚለው ጥያቄ ቁርጥ ያለው መልስ ይህ ነው፤ በመለወጫው ላይ የተቆረጠ ዝርዝር ከዚያ ወዲያ የለም።

ይህንኑ ምስል በሁለት መንገድ ቢሞክሩት ጥፋቱ ያለበትን ቦታ ጭምር ያሳይዎታል። መጀመሪያ እንደ ቋሚ ሥዕል ይክፈቱት፤ ቀጥሎ በተለመደው የማቀናበሪያ ፕሮግራምዎ ወደ ቪዲዮ ፋይል አውጥተው ያጫውቱት። ሥዕሉ ሲታይ ማዕዘኖቹ ሁሉ ተለይተው ፋይሉ ሲጫወት ከጠፉ ስሕተቱ ፋይሉ በተጻፈበት ወይም በሚያጫውተው ፕሮግራም ውስጥ ነው፤ ሁለቱም ላይ ከጠፉ በኤችዲኤምአይ መውጫውና በመለወጫው መካከል ነው።

በኤችዲኤምአይ ደንብ መሠረት ላኪው ከምስሉ ጋር አብሮ በሚሄድ አጭር መረጃ ክልሉ ሙሉ ይሁን የተገደበ ለተቀባዩ ሊያሳውቅ ይችላል። ካላሳወቀ ደግሞ ለቴሌቪዥን የምስል ዓይነቶች የተገደበው፣ ለኮምፒውተር የምስል ዓይነቶች ሙሉው እንደሆነ ይቆጠራል። ርካሽ መለወጫዎች ግን ይህን መረጃ ሳያነቡ ሁልጊዜ የተገደበ ክልል ነው ብለው የሚሠሩበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ለጠያቂው የምመክረው በኮምፒውተሩ የግራፊክስ ካርድ ማስተካከያ ውስጥ የዚያን መውጫ ክልል ከ«ፉል» ወደ «ሊሚትድ» መለወጥ ነው። ካርዱ 0ን 16 ላይ፣ 255ን 235 ላይ አድርጎ መሃሉን በእኩል ያከፋፍለዋል፤ ቁጥሩን በ219 አባዝቶ ለ255 ማካፈልና 16 መደመር ማለት ነው። ይህን ካደረጉ በኋላ በማጫወቻው ፕሮግራምም፣ በማቀናበሪያውም፣ በሌላ ማጣሪያም ያንኑ ሥራ አይድገሙት፤ ቢደግሙት ከላይ የገለጽሁት ጭጋጋማ ምስል ይመጣል። ቀደም ብለው በብራይትነስና በኮንትራስት ያደረጉት ማካካሻ ካለም አስቀድመው ወደ መነሻው ይመልሱት።

ለምን አንድ ጊዜ ብቻ እንደምል ሌላም ምክንያት አለ። 256 እርከኖች ወደ 220 ሲጨመቁ 36 እርከኖች ይጠፋሉ፤ እንደ ሰማይ ወይም እንደ ለስላሳ ግድግዳ ቀስ እያለ የሚደበዝዝ ገጽ ላይ ይህ በመስመር በመስመር የተከፋፈለ ሆኖ ይታያል። መልሶ ሲለጠጥና እንደገና ሲጨመቅ የጠፋው አይመለስም፤ መስመሩ ብቻ ይሰፋል። ማስተካከያውን በፋይሉ ውስጥ ማድረግ ግድ ከሆነ የማቀናበሪያውን ስሌት ወደ 10 ቢት ወይም ከዚያ በላይ ያድርጉት፤ ወደ 8 ቢት ሲመልሱት ደግሞ ዲተር የተባለውን፣ ጥቂት የዘፈቀደ ልዩነት በመጨመር እርከኖቹን የሚሰውረውን አማራጭ ይክፈቱ። ጋማን፣ ማለትም በጥቁርና በነጭ መካከል ያለውን ብርሃን የሚለውጠውን ማስተካከያ፣ ግን አይንኩት። ጥላው ስለሰመጠ ጋማ በመጨመር ሊያወጡት የሚሞክሩ አጋጥመውኛል፤ የሰው ፊት ገርጥቶ ይቀራል፤ ከ16 በታች የወደቀው ግን እዚያው ነው።

ነገር ግን ማንኛውንም ቁጥር ከመንካትዎ በፊት ኬብሉን ይፈትሹ። ኮምፖዚት መስመር የሚሠራው ከላኪው በኩል 75 ኦም፣ ከተቀባዩ መጨረሻ ላይም አንድ 75 ኦም መዝጊያ ሲኖረው ነው። መዝጊያው ከሌለ 1 ቮልት መሆን የነበረበት ሲግናል ወደ 2 ቮልት ያድጋል፤ ሲግናሉን ለሁለት መሣሪያ በቲ ቅርጽ ማያያዣ ከፍለው ሁለቱም መዝጊያቸውን ካበሩ ደግሞ ወደ ሁለት ሦስተኛው፣ ማለትም ወደ 667 ሚሊቮልት፣ ይወርዳል። አንድ ጊዜ ምስሉ እጅግ ነጣ ወደተባለበት አዳራሽ ተጠርቼ ስሄድ ባለሙያው በየፋይሉ ውስጥ ኮንትራስቱን አንድ በአንድ ቀንሶ ብዙ ቀን ደክሞበት አገኘሁት። ሲግናሉ ሞኒተሩን አልፎ ይሄድ ነበር፤ ከሞኒተሩ ጀርባ ያለችው የ75 ኦም ማብሪያ ግን ጠፍታ ነበር። ማብሪያዋን ስንገፋት ምስሉ በቅጽበት ጨለመ፤ የተቀነሱት ፋይሎች በሙሉ እንደገና መሠራት ነበረባቸው። ያን ቀን ያየሁት የዚያ ሰው ድካም እስካሁን አይረሳኝም፤ ለማንም ሰው የቮልቱን መንገድ ሳያይ ወደ ቁጥሩ እንዳይሄድ አጥብቄ የምናገረውም ከዚያ ወዲህ ነው።

አሁን ወደ ቢጫው ጽሑፍ እንምጣ፤ በዚህ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ የሚፈለገው በሌለበት ቦታ ነው። በኮምፒውተር ላይ ቢጫ ሲባል ብዙ ሰው የሚመርጠው ቀይ 255፣ አረንጓዴ 255፣ ሰማያዊ 0 የሆነውን ነው። የዚህ ቀለም ሉማ 88.6 በመቶ ነው። ሉማ ብቻ የሚያሳይ መለኪያ ላይ ያየ ሰው ከነጭ ያነሰ ስለሆነ ችግር የለበትም ብሎ ያልፈዋል። ኮምፖዚት ግን ቀለሙን በሉማው ላይ እንደ ፈጣን ሞገድ ይጭነዋል፤ ሞገዱ በፓል 4.43 ሜጋኸርትዝ ገደማ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ይወዛወዛል። የሙሉ ቢጫ ሞገድ ቁመት ከመሃሉ ወደ እያንዳንዱ አቅጣጫ 44.7 በመቶ ነው። ስለዚህ የሲግናሉ ጫፍ 88.6 ሲደመር 44.7፣ ማለትም 133.3 በመቶ፣ ወይም 933 ሚሊቮልት ይደርሳል። የተፈቀደው ነጭ 700 ሚሊቮልት መሆኑን ያስታውሱ። በጠያቂው መስመር ላይ ደግሞ የክልሉ ስሕተት ተጨምሮበታል፤ መለወጫው ሳይቆርጥ የሚያሳልፍ ከሆነ ያው ቢጫ ወደ 1035 ሚሊቮልት ይወጣል።

ይህ ትርፍ ወደ ድምፅ የሚደርሰው በሞጁሌተሩ በኩል ነው። ፓልን ለማሰራጨት በሰፊው የሚሠራበት አሠራር የምስሉ ደረጃ በጨመረ መጠን የተሸካሚው ሞገድ ኃይል እንዲቀንስ ያደርጋል፤ በነጭ ጫፍ ላይ የሚቀረው ከሙሉው 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሲግናሉ ከነጭ በ15 በመቶ ያህል ከፍ ካለ ተሸካሚው ጨርሶ ወደ ዜሮ ይወርዳል። አብዛኞቹ ቴሌቪዥኖች ድምፁን የሚያወጡት በምስል ተሸካሚውና በድምፅ ተሸካሚው መካከል ካለው ልዩነት ስለሆነ የምስሉ ተሸካሚ ለአፍታ በጠፋ ቁጥር ድምፁም አብሮ ይቆራረጣል። መቆራረጡ በምስሉ ድግግሞሽ ልክ ስለሚመላለስ ጆሮ የሚሰማው ነዛሪ ድምፅ ነው። ጽሑፉ ሲወጣ ጀምሮ ጽሑፉ ሲጠፋ የሚያቆመውም ስለዚህ ነው። ኤንቲኤስሲ በተባለው ሌላው የአናሎግ ቴሌቪዥን ሥርዓትም ነገሩ ያው ነው፤ እዚያ ተሸካሚው ዜሮ የሚሆነው 120 አይአርኢ (ነጭ 100 የሚሆንበት የሲግናል ደረጃ መለኪያ) ላይ ሲሆን ሙሉ ቢጫ ወደ 131 አይአርኢ ይደርሳል።

ሰማያዊ ጀርባ የሚወዱ ሰዎችም ተመሳሳይ ነገር በታችኛው በኩል ያጋጥማቸዋል። የሙሉ ሰማያዊ ሉማ 11.4 በመቶ ብቻ ሲሆን የሞገዱ ቁመት ከቢጫው እኩል ነው፤ የሞገዱ ታችኛ ጫፍ ስለዚህ ከዜሮ በታች 233 ሚሊቮልት ይደርሳል። ሲንኩ ያለው 300 ላይ ነው። ደካማ ተቀባይ ሁለቱን ሊያምታታቸውና ምስሉ በጎን ሊንቀጠቀጥ ይችላል።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሌላ ነገር አለ። ብዙ የማቀናበሪያ ፕሮግራሞች ቀለምን ለሥርጭት ሕጋዊ የሚያደርግ ማጣሪያ አላቸው፤ አንዳንዶቹ የሚመለከቱት ግን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ እያንዳንዳቸው ከወሰን አለማለፋቸውን ብቻ ነው። የአውሮፓ ብሮድካስት ኅብረት አር103 የተባለው ምክርም እነዚህ ሦስቱ ከዜሮ በታች ከ5 በመቶ በላይ እንዲወርዱ ወይም ከ105 በመቶ በላይ እንዲወጡ አይፈቅድም። ሙሉ ቢጫ ግን በዚህ መለኪያ ፍጹም ሕጋዊ ነው፤ ሦስቱም ቁጥሮቹ በወሰናቸው ውስጥ ናቸው። የሚጥሰው የኮምፖዚትን ወሰን ነው። ስለዚህ ማጣሪያ ሲመርጡ የኮምፖዚትን ጫፍ ለብቻው የሚለካና የሚገድብ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ካልሆነ ማጣሪያው በርቶ ድምፁ መነዘሩን ይቀጥላል።

ለጽሑፍ ግን ማጣሪያ ከመጠበቅ ቀለሙን ራሱን በቁጥር መምረጥ ይሻላል፤ ለዚህም ለቢጫዎች ሁሉ የሚሠራ ቀላል ስሌት አለ። ቀዩንና አረንጓዴውን እኩል አድርገው ይያዙ፤ ያንን ቁጥር በ4 ያባዙት፣ ሰማያዊውን ይቀንሱለት፣ ለ3 ያካፍሉት። ውጤቱ 255 አካባቢ ከሆነ የኮምፖዚቱ ጫፍ ከነጭ ጋር እኩል ነው። ለምሳሌ 191፣ 191፣ 0 የሆነው ቢጫ 255 ገደማ ይሰጣል፤ ይህ በመፈተሻ የቀለም ዘንጎች ላይ የምናውቀው የ75 በመቶ ቢጫ ነው። ብዙ ሰው ግን ጠቆር ስለሚልበት አይወደውም። በምትኩ 224፣ 224፣ 128 ቢያደርጉት ስሌቱ 256 ይሆናል፣ ጫፉም 703 ሚሊቮልት ላይ ይቆማል፤ ለዓይን ደግሞ ደመቅና ለስለስ ያለ ቢጫ ነው፣ በጨለማ ጀርባ ላይም በደንብ ይነበባል። እኔ ብሆን ይህንኛውን እመርጥ ነበር። ቁጥሮቹ የተሰጡት በሙሉ ክልል ለሚጻፍ ቀለም ነው፤ ወደ ተገደበው የሚቀይራቸው ቀደም ብለው ያስተካከሉት የግራፊክስ ካርድ ነው።

«የቀለሙን ሳቹሬሽን (የቀለሙን ድምቀት) ብቻ ብቀንስስ?» የሚል ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። ለሙሉ ቢጫ አይበጅም። ሉማው 88.6 በመቶ ላይ ሳይነካ ጫፉን ወደ 100 ለማውረድ ለቀለሙ የሚቀረው 11.4 በመቶ ብቻ ስለሆነ ከቀለሙ ሦስት አራተኛው መጣል አለበት፤ የሚቀረው ደብዛዛ ነጭ ይሆናል። በካሜራ በተቀረጸ ምስል ውስጥ ግን፣ ትርፉ ትንሽ በሆነበት ሁኔታ፣ ሳቹሬሽን መቀነስ ሉማን ከመቁረጥ ይሻላል፤ የሰው ፊትና የልብስ ጥላ ስለማይነካ። ሲቀንሱም ሁለቱን የቀለም ልዩነት ምልክቶች በአንድ ዓይነት ንጽጽር ይቀንሱ፤ አንዱን ብቻ መቁረጥ ቀለሙን ከማደብዘዝ አልፎ ወደ ሌላ ቀለም ያዞረዋል።

ጫፍን ስለመቁረጥ ካነሳሁ አይቀር፣ 235 ላይ በቢላ እንደተቆረጠ አድርጎ መገደብን አልደግፍም። በጥቁርና በነጭ መካከል ያለ ስለታም ጠርዝ ምስሉ ሲያንስ ወይም በማጣሪያ ሲያልፍ በጥቂቱ ከነጭ በላይ ይዘልላል፤ ከ235 በላይ የተተወው ክፍት ቦታ የተፈጠረው ይህን ዝላይ ለማስተናገድ ነው። ዝላዩ በዲጂታሉ በኩል ሲቆረጥ አዳዲስ ከፍተኛ ድግግሞሾች ይፈጠራሉ፤ የመለወጫው የአናሎግ ማጣሪያ እነርሱን ሲያስቀር ጠርዙ እንደገና ይወዛወዛል። ይልቁንም ከ225 አካባቢ ጀምሮ ቀስ እያለ የሚያጎብጥ ለስላሳ ገደብ ይጠቀሙ፤ ለአጭር ጊዜ ወደ 240 ብቅ የሚል ጠርዝ ማንንም አይጎዳም። ጎዶሎ ሹልነትን ለማካካስ ሻርፕነስ መጨመርም ይህንኑ ዝላይ ያባብሰዋል። በ13.5 ሜጋኸርትዝ በቀጥታ የሚሠራ መለወጫ 5.75 ሜጋኸርትዝ ላይ 2.8 ዴሲቤል ያህል ያዳክማል፤ ይህን ማካካስ የመለወጫው ሥራ ነው፤ ፍጥነቱን ወደ 27 ሜጋኸርትዝ ያሳደገ መለወጫ ጉድለቱን ወደ 0.7 ዴሲቤል ገደማ ያወርደዋል።

ስለ 7.5 አይአርኢ የጥቁር ከፍታ፣ ማለትም ጥቁሩን ከዜሮው መስመር በ7.5 አይአርኢ ከፍ ስለማድረግ፣ የሚያነቡ ሰዎች አንዳንድ ጊዜ በዲጂታሉ ውስጥ ጥቁሩን ከ16 ወደ 32 ከፍ ያደርጉታል። ይህ አያስፈልግም። ከፍታው የሚመለከተው ኤንቲኤስሲን ነው፤ በዚያም ቢሆን ጃፓን አትጠቀምበትም። የሚጨምረውም መለወጫው ራሱ ነው። በፓል ከፍታ የሚባል የለም፤ በዲጂታሉ ውስጥ ጥቁር ሁልጊዜ 16 ነው። የጠያቂው መለወጫ በፓልና በኤንቲኤስሲ መካከል መምረጫ ካለው ፓል ላይ መሆኑን ያረጋግጡ።

ቀለሙ ላይ ሌላ ስሕተት ካስተዋሉ ደግሞ የክልል ሳይሆን የማትሪክስ፣ ማለትም ሉማና የቀለም ልዩነት ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ የሚሰሉበት ቀመር፣ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ከፍተኛ ጥራት ያለው ቪዲዮ በቢቲ.709፣ መደበኛው በቢቲ.601 ይሰላል። ሙሉ አረንጓዴ በመጀመሪያው ሉማው 173፣ በሁለተኛው 145 ነው። ከፍተኛ ጥራት ያለውን ፋይል ወደ 576 መስመር ሲያሳንሱ ስሌቱ አብሮ ካልተለወጠ አረንጓዴውና ቀዩ ይዛነፋሉ። ይህን በብራይትነስ ለማረም መሞከር ከንቱ ነው፤ የማሳነሻውን ማስተካከያ ይመልከቱ።

ሁሉንም ካስተካከሉ በኋላ በዓይን ብቻ አይርኩ፤ የሲግናሉን ደረጃ በመስመር የሚያሳየው ዌቭፎርም ሞኒተር ባይኖር እንኳ ተራ ኦሲሎስኮፕ ይበቃል። የመለወጫውን መውጫ በ75 ኦም ዘግተው ይለኩ፤ የ75 በመቶ የቀለም ዘንጎችን ነጩ 100 በመቶ ከሆነበት ዓይነት ይላኩ። በ64 ማይክሮሰከንድ ውስጥ የሚያልቀውን አንድ መስመር ዘርግተው ሲያዩት የ4.7 ማይክሮሰከንዱ ሲንክ 300 ሚሊቮልት ጠልቆ መውረድ፣ የጥቁሩ ዘንግ በዜሮው መስመር ላይ መተኛት፣ ነጩ 700 ላይ መቆም አለበት። የቢጫውና የሲያኑ ሞገድ የላይኛው ጫፍ ከነጩ ጋር በአንድ ልክ መሆን ይኖርበታል። ሲንኩ ራሱ 300 ካልሆነ ምስሉን አይንኩ፤ ችግሩ በኬብሉ ወይም በመለወጫው መውጫ ነው። ሲንኩ ልክ ሆኖ ነጩ ብቻ ከበዛ ግን የክልሉ ማስተካከያ ገና አልተያዘም ማለት ነው።

እነዚህ ሁሉ በቦታቸው ሆነው ሳለ አዲሱ ቢጫ ጽሑፍ አሁንም ድምፅ የሚያስነዝር ከሆነ ቀሪው ነገር የሞጁሌተሩ የምስል ጥልቀት ማስተካከያ ነው። በብዙዎቹ ሞጁሌተሮች ላይ ከፊት ወይም ከጎን በትንሽ ዊንች የሚዞር ቀዳዳ አለ። ሙሉ ነጭ ምስል ልከው ነዛሪው ድምፅ እስኪሰማ ድረስ ቀስ ብለው ከፍ ያድርጉት፤ ከዚያ ድምፁ ጨርሶ እስኪጠፋ ይመልሱት፣ ከዚያም በጥቂቱ ይበልጥ ዝቅ ያድርጉት። ይህን በመጨረሻ እንጂ በመጀመሪያ አያድርጉት፤ የሚላክለት ሲግናል 1 ቮልት መሆኑ ሳይረጋገጥ የዞረ ዊንች ነገ ኬብሉ ሲስተካከል እንደገና መዞሩ አይቀርም።